ምድጃ የሚጸዳው በሚያዝያ ነው

ልጄ፣ ከካስኬድ ተራሮች ግርጌ ቤት መግዛታችሁን እናትሽ ነገረችኝ። እንኳን ደስ ያላችሁ፤ የምትደሰቱበት ቤት ያድርግላችሁ። ሳሎኑ ውስጥ የፔሌት ምድጃ አለ ስትለኝ ግን ደስ ብሎኝ ሳያበቃ ሰጋሁ። የሸጠላችሁ ሰው «ፔሌት መጨመርና ማብሪያውን መጫን ብቻ ነው» ብሎ ቁልፍ አስረክቦ ሄደ አሉ። አልዋሸም፤ የነገረሽ ግን ለመጀመሪያው ሳምንት የሚበቃውን ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ ልንገርሽ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

ይህ ዕቃ የተወለደው እዚሁ ዋሽንግተን ስቴት ነው። በ1970ዎቹ ነዳጅ ሲወደድ አሜሪካኖች ወደ እንጨት ተመለሱ። በ1980ዎቹ ደግሞ ጄሪ ዊትፊልድ የሚባል የአውሮፕላን መሐንዲስ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያ የሚተርፈው ሰጋቱራ ተጨምቆ የሚሠራውን ፔሌት ሳሎን ውስጥ የሚያነድ ምድጃ ሠራ። የመሐንዲስ ሥራ መሆኑ ሲከፍቱት ያስታውቃል። ጠመዝማዛ ዘንግ ፔሌቱን ከማጠራቀሚያው ሳጥን እየገፋ ጥቂት ጥቂት ይጥላል፤ አንዱ ፋን ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ ይስባል፣ በዚያው ስበት ንጹሕ አየር ወደ እሳቱ ይገባል፤ ሁለተኛው ፋን የሳሎኑን አየር በጋሉት ቱቦዎች ላይ አሳልፎ መልሶ ይነፋዋል። እንግዲህ አየር የሚሄድበት መንገድ ሁለት ነው፤ አንደኛውን አመድ ይዘጋዋል፣ ሌላውን አቧራና የውሻችሁ ፀጉር። ምድጃው «ተበላሸ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም፤ ከሁለቱ አንዱ ታፍኗል።

የእሳት ልጅ አመድ ይባላል። ደረጃው ጥሩ የሆነ ፔሌት የሚተወው አመድ ከክብደቱ ከመቶ 1 እጅ አይበልጥም። የተለመደው ከረጢት 18 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ከአንድ ከረጢት ቢበዛ 180 ግራም አመድ ይወጣል። ትንሽ ነው ትያለሽ። አንድ ቶን 50 ከረጢት ነው፤ 9 ኪሎ አመድ ማለት ነው፣ ያውም እንደ ነፋስ የቀለለ አመድ። ሁሉም በአመድ መሳቢያው ውስጥ ቢወድቅልሽ እዳው ገብስ ነበር። ከፊሉ ከጭሱ ጋር ይበርና ከኋላ ካለው የብረት ሳንቃ ጀርባ፣ ከፋኑ ክንፍ ላይ፣ ከቱቦው ክርን ውስጥ ይተኛል። ከበሩ ፊት ቆመሽ የምታዪው ንጹሕ ምድጃ ውስጡ ሞልቶ ሊሆን ይችላል።

በየቀኑ የምታዪው ትንሿን የብረት ጎድጓዳ ነው፤ ፔሌቱ የሚወድቅባትንና የሚነድባትን። እሳቱ ጠፍቶ፣ ፋኖቹ ቆመው፣ ብረቱ በእጅ የሚነካ እስኪሆን ጠብቂ። ከዚያ አመዷን አራግፊ፤ የጠጠረ ነገር ከያዘች በመፋቂያ ፈቅፍቂ። የጠጠረው ነገር ከፔሌቱ ጋር የመጣ አሸዋና አፈር በሙቀት ቀልጦ የረጋ ነው። ታችና ጎኗ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ እዪ፤ አየሩ የሚገባው በነሱ ነው። ከተደፈኑ ፔሌቱ ሳይነድ ይከመራል፣ ቤቱ ጭስ ጭስ ይሸታል፣ የባሰ ዕለትም እሳቱ ወደ ኋላ ወደ ማጠራቀሚያው ሳጥን ሊመለስ ይችላል። ሳይቀጣጠል የቀረ ፔሌት ደግሞ ለቁጠባ ብለሽ ወደ ሳጥኑ እንዳትመልሺ፤ በአንዷ ውስጥ የተደበቀ ፍም ቢኖር የምትጨምሪው በ18 ኪሎ ማገዶ ላይ ነው።

ነበልባል ማንበብ ልመጂ። ጤነኛው ብሩህ ቢጫ ነው፣ አጠር ብሎ ፈጠን ፈጠን እያለ ይንቀለቀላል። አየር ያነሰው ረጅምና ዘገምተኛ፣ ብርቱካንማ ሆኖ ጫፉ የጠቆረ ነው፤ የበሩን መስታወትም በአንድ ሌሊት ያጠቁረዋል። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ቁልፎቹ ይሮጣል፤ የፔሌቱን መጠን ይቀንሳል፣ የፋኑን ፍጥነት ይጨምራል፣ በይነመረብ ላይ መለዋወጫ ይፈልጋል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ። መጀመሪያ አመዱን አውጪ፣ ቀጥሎ የበሩን ማሸጊያ ገመድ እዪ። ገመዱን መፈተሽ ቀላል ነው፤ የአንድ ዶላር ኖት በሩ ላይ አድርገሽ ዝጊና ሳቢው። ያዝ ካደረገው ደህና ነው፤ ሳይታገል ከመጣ ገመዱ ደክሟል፣ አየር በማይገባበት እየገባ ነው ማለት ነው። ዙሪያውን በየቦታው ሞክሪ፣ በተለይ በማጠፊያው በኩል።

ምድጃው የስህተት ምልክት አብርቶ ሲቆምም አጥፍቶ ማብራት ልማድ አይሁንብሽ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። የጭሱ ስበት ሲደክም የሚያውቅ አንድ ትንሽ መቆጣጠሪያ አለ፤ ስበቱ ከመጠን በታች ከሆነ ፔሌት መጣሉን ያስቆማል። አንዳንድ «ባለሙያ» ሁለቱን ሽቦ አገናኝቶ ያልፈዋል፤ ምድጃውም ይነዳል፣ ባለቤቱም አመስግኖ ይከፍላል። እንዲህ ያለ ሰው ቤትሽ ከመጣ ቡና አጠጪውና ሸኚው።

በሳምንት አንድ ጊዜ ጠለቅ በዪ። መሳቢያውን ድፊ፣ የእሳቱን ቤት ግድግዳ ጥረጊ፣ የሙቀት ቱቦዎቹን መፋቂያ ዘንግ ካለው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳቢው። መስታወቱን ሲበርድ ብቻ ጥረጊ፤ እርጥብ ጋዜጣ አመድ አስነክተሽ ብታሺው ውድ ማጽጃ አያስፈልግሽም። ብዙ የሚያነድ ቤት ሳምንት ሳይጠብቅ በየሦስት በየአራት ቀኑ ያደርገዋል፤ ልኩን ማንዋሉና መሳቢያው ራሱ ይነግሩሻል።

ምንጣፍ በምትጠርጊበት ቫኪዩም አመድ እንዳትስቢ። ልፋት ለመቀነስ ሲሉ ይህን የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። አመዱ በጣም ደቃቅ ስለሆነ በማጣሪያው አልፎ ሳሎኑን ያለብሰዋል፤ ይህ ቀላሉ ጉዳት ነው። በውስጡ አንዲት ፍም ብትኖር የቫኪዩሙ ነፋስ ራሱ ያራግባታል፣ ዙሪያዋን ያለው ደግሞ ወረቀትና ፕላስቲክ ነው። ገንዳው ብረት፣ ማጣሪያው ሙቀት የሚችል የአመድ ቫኪዩም ለብቻው ይሸጣል፤ እሱን ግዢ። እሱም ቢሆን ለቀዘቀዘ አመድ ነው።

ስለ አመድ ትንሽ ልቆይ፤ አንቺ አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ ምጣድ ስላደግሽ ላታስታውሺው ትችያለሽ። አያትሽ ማታ ፍሙን አመድ ውስጥ ዳፍና ታድር ነበር። ጧት ገለጥ አድርጋ ጭራሮ ስታስጠጋበትና እፍ ስትልበት እሳቱ ይነሳል። ክብሪት ውድ በነበረበት ዘመን እሳት ከቤት የማይጠፋው በዚህ ብልሃት ነበር። አመድ እሳትን ያኖራል እንጂ አይገድልም። ከመሳቢያው የምታወጪው ግራጫ ዱቄት ከላይ በርዶ ከታች ለቀናት ፍም ሊይዝ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ሰው አመዱን በወረቀት ከረጢት አድርጎ ጋራዥ ያስቀምጠዋል፣ ወይም ከእንጨት በተሠራው በረንዳ ላይ በፕላስቲክ ባልዲ ይተወዋል፤ ሌሊት የእሳት አደጋ መኪና ይመጣል። ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የብረት ባልዲ ይኑርሽ፤ ከቤቱ ቢያንስ 10 ጫማ ርቆ፣ በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ ላይ ይቀመጥ፤ ቆሻሻ ውስጥ ከመጣሉ በፊት ቀናት ይደር። ቆሻሻ የሚወስደው መኪና ዛሬ ነው የሚመጣው ብለሽ እንዳትጣደፊ፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

ጓሮ ላለው ሰው ይህ አመድ ጥቅም አለው። እናንተ ጋ ያለው አፈር በዝናቡ ብዛት ኮምጣጣ ነውና ጥቂት አመድ ያለሰልሰዋል። ለጎመንሽ ትንሽ በትኚለት። ድንች ከተከልሽበት ግን አርቂው፤ ቅርፊቱ እከክ ያወጣል። ብሉቤሪም አይወደውም።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። በዲሴምበር 2006 ሲያትልና አካባቢዋን ከባድ አውሎ ነፋስ መታ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቤትና ድርጅት መብራት ጠፋበት፣ አንዳንዱ ቤት ለቀናት በጨለማና በብርድ ቆየ። በዚያ ሰሞን ብዙ ሰው ከሰል ወደ ቤት አስገብቶ አነደደ፣ ጄኔሬተርም ጋራዥ ውስጥ አስነሳ። በካርቦን ሞኖክሳይድ የተመረዘው ሰው በመቶዎች የሚቆጠር ነበር፤ የሞቱም አሉ። ከተመረዙት ውስጥ ብዙዎቹ እንደኛው ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። የከሰል ጭስ ሰው እንደሚገድል ከአገራችን ጀምሮ እናውቃለን፤ በር ዘግተው ከሰል አንድደው ተኝተው ያልተነሱ ሰዎች ወሬ ያልሰማ የለም። አንዳንዱ ግን የአሜሪካ ቤት ሰፊ ስለሆነ አይጎዳም ብሎ ነበር የገመተው። የአሜሪካ ቤት ሰፊ ብቻ ሳይሆን ሙቀት እንዳያመልጠው ተደፍኖ የተሠራ ነው።

ይህን የማነሳው ምድጃሽ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ነው። መብራት ሲጠፋ ጭስ የሚስበው ፋን ይቆማል፤ በጎድጓዳዋ ውስጥ የቀረው ፔሌት ግን መጤሱን አይተውም። ቱቦው ንጹሕና አወጣጡ ትክክል ከሆነ ጭሱ በራሱ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ በአመድ ከጠበበ ወደ ሳሎን ይመለሳል። መብራት በጠፋ ጊዜ የምድጃውን በር አትክፈቺ። ፋኑን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ መግዛት ይቻላል፤ ከምድጃው ጋር የሚስማማ መሆኑን ከአምራቹ ጠይቂ። ጄኔሬተር ካላችሁ ከቤትና ከመስኮት 20 ጫማ ርቆ ውጭ ይነሳ። ከሰል ደግሞ ቤት ውስጥ አይግባ፤ ለቡናውም ኤሌክትሪኩ ይበቃል።

የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ቤቱ ሲሸጥ እንዲኖረው የስቴቱ ሕግ ያስገድዳል፤ ስለዚህ ይኖራል። ግን ከግድግዳው አውርደሽ ጀርባውን አንብቢ። ማንቂያም ዕድሜ አለው፤ እንደ ዓይነቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው፣ የሚተካበት ዓመት ተጽፎበታል። ቁልፉን ስትጫኚው ይጮኻል ማለት ጋዙን ያሸታል ማለት አይደለም፤ የምትሞክሪው ጩኸቱን ነው። ጊዜው ካለፈ ዛሬውኑ ቀይሪው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። በየፎቁ፣ ከመኝታ ክፍሎቹም ደጃፍ ይኑር። ከጮኸ ልጆቹን ይዘሽ ውጪ፣ ከውጭ ሆነሽ 911 ደውዪ፤ መስኮት ከፍተሽ ወደ አልጋሽ እንዳትመለሺ።

አሁን ስለ ወቅቱ። ሰው ሁሉ ምድጃውን የሚያስታውሰው በመስከረም መጨረሻ ብርድ ሲነካው ነው። ያን ጊዜ ቱቦ ጠራጊው ቀጠሮ ሞልቶበታል፣ መለዋወጫ ሻጩ «ታዟል» ይላል፣ ሁሉም በጥድፊያ ይሠራል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እኔ የምልሽ ትልቁ ጽዳት በሚያዝያ መጨረሻ ይሁን፣ ቢዘገይ በግንቦት፤ የመጨረሻው እሳት በጠፋ ሳምንት። ልብሽ ከምድጃው የራቀበት ጊዜ መሆኑን አውቃለሁ። ግን አመድ በባሕርዩ እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥበት የጠጣ አመድ ብረት ይበላል። እዚህ ስፖካን እኛ ጋ በጋው ደረቅ ነው። እናንተ ከተራራው ወዲያ ማዶ ናችሁ፤ የግንቦትና የሰኔ ዝናብና ጉም በቱቦው አፍ በኩል እየገባ ክረምቱን ሙሉ የተከማቸውን አመድ ያርሰዋል። ምድጃውን የሚያበላሸው የነደደባቸው ወራት ሳይሆኑ ቆሽሾ የተቀመጠባቸው ናቸው። ዝገቱ በቱቦዎቹና በጭስ ፋኑ ላይ ሥራውን ሲሠራ ማንም አያየውም፤ በጥቅምት ፋኑ እየጮኸ ሲነሳ ነው የሚሰማው።

ሥራው እንዲህ ነው። በማጠራቀሚያው ሳጥን ያለው ፔሌት ነድዶ ይለቅ፤ የቀረውን አውጪ፣ ከታች የተኛውን ሰጋቱራ ሳቢ። ሳጥኑ ውስጥ የከረመ ፔሌት እርጥበት ስቦ ያብጣል፣ ይፈርሳል፣ ጠመዝማዛው ዘንግ ላይ ይጠጥራል፤ እሱን መፍታት የቀን ሥራ ነው። ከዚያ ሶኬቱን ንቀዪ። ጽዳት ሲያልቅም መልሰሽ አትሰኪው፤ የበጋ መብረቅ የመቆጣጠሪያውን ሰሌዳ ያቃጥላል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። የእሳቱን ቤት የኋላ ሳንቃ አውልቂ፤ ጀርባው ያለው አመድ ያስደንቅሻል። ቱቦዎቹን በብሩሽ፣ ጥጋጥጉን በቀለም ብሩሽ እያራገፍሽ ሳቢ። የጭሱ ፋን ይወጣል፤ ክንፎቹን ሳታጣምሚ ጥረጊ፤ ስትመልሺው ማሸጊያውን በአዲስ ለውጪ፣ አሮጌውን ደግመሽ አትጠቀሚ። የሳሎኑን አየር የሚነፋው ፋን ከአመድ ይልቅ አቧራና ፀጉር ነው የሚይዘው፤ እሱንም አትርሺ። ወደ ስበት መቆጣጠሪያው የምትሄደውን ቀጭን የጎማ ቱቦ ንቀዪና ያልተሰነጠቀች፣ ያልተደፈነች መሆኗን እዪ።

የጭስ ማውጫው ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ 3 ወይም 4 ኢንች ነው፤ በልኩ የተሠራ ብሩሽ አለ። ከቱቦው መታጠፊያ በታች የሚከፈት ክዳን ይኖራል፣ ከሥሩ ባልዲ አድርገሽ ክፈቺው። ውጭ ያለውን አፉንም እዪ፤ ወፍና ተርብ በበጋ ቤት ይሠሩበታል። ንጹሕ አየር የሚገባበትም ወንፊት አለው፣ ቅጠልና የሸረሪት ድር ይዘጋዋል። አፉን በጨርቅ ወይም በክዳን የምትሸፍኚ ከሆነ «ቱቦው ተሸፍኗል» የሚል ወረቀት ሶኬቱ ላይ እሰሪ፤ በመስከረም የምትሰኪው አንቺ ላትሆኚ ትችያለሽ፣ ባልሽ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት ብቻሽን አትሞክሪ። የአገሩ የእሳት ጥንቃቄ ደንብ ጭስ ማውጫ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በባለሙያ ይታይ ይላል፤ ፈቃድ ያለው ጥሪና አጠገቡ ቁሚ። ሳንቃው እንዴት እንደሚወልቅ፣ ብሎኑ የቱ እንደሆነ በስልክሽ ቅረጪ። በሚቀጥለው ዓመት አመዱን አንቺ ታወጫለሽ፣ ቱቦውንና ፋኑን እሱ ያያል። አንዳንድ ጎረቤቶቼ ቅጠል መንፊያ ማሽን ከውጭ ቱቦው ላይ ገጥመው አመዱን ይስቡታል። ያወጣልና መጥፎ አልለውም፤ ግን መጀመሪያ በብሩሽ ያልተፋቀውን አይስብም፣ ፍም ካለም እሳት ይረጫል።

በመስከረም የሚቀርሽ ጥቂት ነው፤ መሸፈኛውን አንሺ፣ ሶኬቱን ሰኪ፣ ማንቂያውን እዪ፣ የዶላሩን ፈተና ድገሚ፣ ቀዝቀዝ ባለ ጧት አንድ ሰዓት አንድደሽ አጥፊ። በመጀመሪያው ቀን አቧራ አቧራ ይሸታል፤ መስኮት ክፈቺ። ከዚያ በጥቅምት አንድ አጥንት እየተባለ እሳት ዳር መቀመጥ ነው። በክረምት አየሩ ሲታፈን የአካባቢያችሁ የአየር ጥራት መሥሪያ ቤት እንጨት ማንደድ ያግዳል፤ በአንደኛው ደረጃ እገዳ የፔሌት ምድጃ ይፈቀዳል፣ በሁለተኛው ደረጃ ግን ሌላ ማሞቂያ ካላችሁ እሱም ይጠፋል።

ፔሌቱን በሰኔና በሐምሌ ግዙ፤ ርካሽ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። ከረጢቱን ጋራዥ ሲሚንቶ ላይ አታስተኙት፤ እንጨት ርብራብ ላይ አድርጉት፣ ከግድግዳም ይራቅ። ከመግዛታችሁ በፊት ከረጢቱን አገላብጣችሁ ታቹን እዩ፤ ሰጋቱራ የበዛበት፣ ዱቄት የሆነ ከሆነ ተዉት። ለመሞከር አምስት ከረጢት ብቻ ገዝታችሁ አንድዱ፤ መስታወቱንና አመዱን አይታችሁ ካማራችሁ ቶኑን እዘዙ። አንዱ ምድጃ የሚወደውን ሌላው አይወደውምና የኔን ምርጫ አልነግርሽም።

ማንዋሉ ከቤቱ ጋር ካልተሰጠሽ በማጠራቀሚያው ሳጥን ክዳን ሥር ወይም በጀርባው የተለጠፈ የብረት ወረቀት አለ። ሞዴሉንና ተከታታይ ቁጥሩን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤ የበሩ ገመድ ስፋት የሚታወቀው ከዚያ ነው፣ እኔ ከዚህ አዝዤ እልክልሻለሁ።